ወደ አሳሌ የሚወረድበት ወር፦ የጨው መንገድና የጊዜ ዕውቀት



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ቦታና ስለ አንድ ጥያቄ ነው። ቦታው በአፋር ዝቅተኛ ምድር የሚገኘው የአሳሌ የጨው ሜዳ ነው። ጥያቄው ደግሞ «መቼ ይወረዳል?» የሚል ነው። ስለ ጨው ንግድ የተጻፈው ታሪክ ነጋዴው ማን እንደ ነበረ፣ ጭነቱ ስንት እንደ ሆነና በምን ዋጋ እንደ ተሸጠ ይመረምራል፤ ዓመቱንም ይመዘግባል። ወሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይዘለላል። በእኔ አስተያየት በዚህ መንገድ ታሪክ ውስጥ ከዓመቱ ይልቅ ወሩ ብዙ ይናገራል።

ከምድሩ እንጀምር። ከመቀሌ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ዓይናለም ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። ከዚያ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ የአየር ርቀት ያለው አሳሌ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ሁለቱንም ቦታዎች ባሕር አያይዟቸዋል። በአካባቢያችን የሚገኘው የኖራ ድንጋይ እጅግ ጥንታዊ በሆነ ባሕር ሥር የተነጠፈ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው የሥነ ምድር ሊቅ ዊልያም ብላንፎርድ በ1860 ዓ.ም. ከናፒየር ዘመቻ ጋር መጥቶ ካጠናው በኋላ በእንደርታው ሕንጣሎ ስም ጠርቶታል። የአሳሌ ታሪክ ከዚህ እጅግ ይቀርባል። ቀይ ባሕር አንድ ክንዱን ወደዚያ ዘርግቶ ነበር፤ መግቢያው ሲዘጋ ውኃው ተንኖ ጨው ቀረ። በሜዳው ዳርቻ ዛሬም የደረቀ የኮራል ዐለት ይታያል። እንግዲህ ወደ አሳሌ መውረድ ወደ ሩቅ የኮራል ደሴት እንደ መጓዝ ነው። በሸራ መርከብ ዘመን የፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች የሚደረስባቸው ነፋሱ በፈቀደው ወራት እንደ ነበር ሁሉ፣ አሳሌም የራሱ ወራት አለው።

ወሩን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ሙቀት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በዳሎል በተደረገው ምዝገባ መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይበልጣል፤ በሰኔ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ ከ46 ዲግሪ በላይ ነው። ሁለተኛው ጎርፍ ነው። በደጋ የሚዘንበው የክረምት ዝናብ መንገዱ በሚያልፍባቸው ጠባብ ሸለቆዎች በድንገት ይወርዳል፤ ሸለቆ ውስጥ ያለ መንገደኛ ደመናውን ሳያይ ጎርፉ ይደርስበታል። ሦስተኛው ሞፈር ነው። የአርሆ፣ ማለትም የጨው ቅፍለት ተጓዥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ገበሬ ነበረና በእርሻ ወራት ከማሳው አይለይም። ስለዚህ አርሆ በጥቅምት ይከፈትና በሚያዝያ ገደማ ይዘጋል። ይህን የጊዜ ስሌት ደገኛው ብቻውን አላወጣውም። የውኃ ጉድጓዱን፣ የሸለቆውን ጠባይና የሌሊቱን መንገድ የሚያውቀው አፋሩ ነው።

ይህ ዕውቀት ጥንታዊ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን አዱሊስን ያየው ግሪካዊው ነጋዴ ኮስማስ ኢንዲኮፕሌስተስ የአክሱም ነጋዴዎች ከብት፣ ጨውና ብረት ይዘው ወርቅ ወዳለበት ወደ ሳሱ እንደሚሄዱ ጽፏል። ጉዞው ደርሶ መልስ ስድስት ወር ይፈጃል። ነጋዴዎቹ ሲሄዱ ቀስ ይላሉ፤ ሲመለሱ ግን ክረምቱ እንዳይደርስባቸው ይፈጥናሉ። ክረምቱንም ኮስማስ በግብፃውያን ወራት፣ ከኤፒፊ እስከ ቶት ብሎ ወስኖታል፤ በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ እስከ መስከረም ማለት ነው።

ወሩን ሳይመርጡ የመጡም ነበሩ። በ1617 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1625) ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ከጀሮኒሞ ሎቦና ከሌሎች ኢየሱሳውያን ጋር በሚያዝያ ማብቂያ በበይሉል ወደብ ወርደው፣ የአፋርን ምድር አቋርጠው በሰኔ አጋማሽ ፍሬሞና ደረሱ። ዘመኑን የወሰነላቸው ከህንድ የሚያመጣቸው ነፋስ እንጂ የአርሆ ልማድ አልነበረም። ሜንዴስ የጨው ሜዳው የሚታለፈው በሌሊት ብቻ እንደ ሆነ፣ በቀን ሙቀቱ ሰውንና እንስሳን እንደሚያፍን፣ ጫማም በፍም ላይ እንደ ተቀመጠ እንደሚኮማተር ተናግሯል። ቃሉን እንደ ማጋነን የወሰደው አንባቢ ብዙ ይሆናል። የጉዞውን ወር ያስተዋለ ግን ትዝብቱን እንደ ትክክለኛ ማስረጃ ይቀበለዋል።

የወሩ ኃይል በገበያም ይታያል። አሞሌ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአገራችን እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ኖሯል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ጨው ከተፈለቀበት በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚንር አስተውሏል። ርቀት አንዱ የዋጋ ምክንያት ነበር፤ ወር ደግሞ ሌላው። በክረምት ቅፍለቱ ይቋረጣል፤ እርጥበቱም አሞሌውን ያሟሟዋል። ስለዚህ በዓመቱ ውስጥ የዝናቡን ዑደት ተከትሎ የሚወጣና የሚወርድ ገንዘብ ነበረን። ወሩ ያልተመዘገበ የአሞሌ ዋጋ ለታሪክ ተመራማሪ ግማሽ ማስረጃ ብቻ ነው።

ዛሬ መኪና በአስፋልት ከአጉላዕ ተነሥቶ በበርሃሌ በኩል ይወርዳል፤ ግመልና በቅሎ ቀናት የሚፈጅባቸውን ጉዞ በሰዓታት ይጨርሰዋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት ደግሞ ደጋውንና ቆላውን የሚያገናኘውን መንገድ አቋርጦ ነበር። መንገድ ሲቋረጥ የሚጎዳው ንግድ ብቻ አይደለም። የአርሆ ዕውቀት በመጽሐፍ የተቀመጠ ሳይሆን አባት ለልጁ በጉዞ ላይ የሚያስተምረው ነውና፣ ጉዞው ከቀረ ትምህርቱም ይቀራል።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን አንድ ሥራ አቀርባለሁ። ወደ ሽማግሌዎቹ ስትሄዱ «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። «በየትኛው ወር ወረዳችሁ? በየትኛው ወር ተመለሳችሁ? ያልተወረደበት ዓመት የቀረው ስለ ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የትግራዩን አርሆ የሰማ ተማሪ የአፋሩን ጨው ጠራቢና መንገድ መሪም ይስማ፤ የአንዱ ምስክርነት ያለ ሌላው አይሞላምና። ከእነዚህ መልሶች የሚወጣው የሁለት ሕዝቦች የጋራ ባሕረ ሐሳብ ነው።