የኖራ መርጫ ፓምፕ አጀማመር

ሰፊ ግድግዳን በብሩሽ ኖራ መቀባት ከጥንት ጀምሮ ብዙ ጉልበትና ጊዜ የሚጠይቅ ሥራ ነበር። በቺካጎ ከተማ የማርሻል ፊልድ መደብር የጥገና ኃላፊ የነበረው ጆሴፍ ቢንክስ የምድር ቤቱን ግድግዳዎች ለማስቀባት በ1887 እ.ኤ.አ. በእጅ የሚገፋ የኖራ መርጫ ፓምፕ ሠራ። ፓምፑ የሚፈጥረው ግፊት ፈሳሹን በቱቦ አሳልፎ በጠባብ ቀዳዳ ይበትነዋል።

የርጭት ዘዴ ጥቅሙ ጎልቶ የታየው በ1893 በዚያው ከተማ በተከፈተው የዓለም ኤግዚቢሽን ነው። የመክፈቻው ቀን እየተቃረበ በመሄዱ፣ የቀለም ሥራው ኃላፊ ሠዓሊው ፍራንሲስ ሚሌት ሰፋፊዎቹን ሕንፃዎች በፓምፕና በቱቦ አስቀባ፤ ሥፍራውም «ነጩ ከተማ» ተባለ።

ዛሬ የሕንፃን ውጫዊ ግድግዳ ለማጠብና ውሃ እንዳያሰርግ ለመቀባት የምንይዘው ተንቀሳቃሽ መርጫ የሚሠራው በዚሁ መሠረተ ሐሳብ ነው። መሣሪያው የተወለደው ከቤተ ሙከራ ሳይሆን ከሥራው ቦታ ችግር መሆኑን ባለሙያው ሊዘነጋው አይገባም።