ከሰው ትዝታ ወደ ጽሑፍ ሥርዓት፤ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ተገንብቶ ሥራ ላይ የሚውልበት መንገድ ታሪክ ባጭሩ

የኮምፒዩተር ታሪክ ሲነሣ በብዙ ሰው ዘንድ የሚታሰበው የመሣሪያው ፍጥነት ወይም የፈልሳፊዎቹ ስም ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመለከት ያሰብነው ግን ብዙ ያልተነገረለትን አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ፕሮግራሙ ከጸሐፊው ጠረጴዛ ተነሥቶ ሥራ ወደሚሠራበት ሰርቨር እስኪደርስ ድረስ በምን ሥርዓት እንደሚያልፍ ነው። የዚህ መንገድ ታሪክ በእኛ አስተያየት፣ በሰው ትዝታ ላይ ተጥሎ የነበረው ኀላፊነት ቀስ በቀስ ወደ ጽሑፍ የተዛወረበት ታሪክ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከቀደሙት ሙከራዎች ሁለቱ የተገኙት በአሜሪካ፣ በቤል ላቦራቶሪዎች ነው። በ1972 ማርክ ሮችካይንድ እያንዳንዱ የፕሮግራም ለውጥ በማንና መቼ እንደ ተደረገ መዝግቦ የሚያስቀምጥ መሣሪያ ሠራ። በ1976 ደግሞ ስቱዋርት ፌልድማን «ሜክ» የተባለውን ፕሮግራም ጻፈ። ምክንያቱ ቀላል ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባው ስሕተቱ አስቀድሞ የታረመ ፕሮግራም ይዞ፣ የታረመው ፋይል እንደገና ሳይገነባ በመቅረቱ ብቻ፣ ጧቱን ሙሉ የሌለ ስሕተት ሲፈልግ ዋለ። ሜክ የትኛው ክፍል በየትኛው ላይ እንደሚመሠረት ከተጻፈ ፋይል ያነባል፤ የፋይሎቹንም ሰዓት አመሳክሮ የዘገየውን ብቻ እንደገና ይገነባል።

ሰርቨሮች ሲበዙ ችግሩ መልኩን ለወጠ። በ1993 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ማርክ በርጀስ «ሲኤፍኤንጂን» የተባለውን መሣሪያ አወጣ። የዚህ አሳብ አዲስነት፣ ለሰርቨሩ የትእዛዝ ዝርዝር ከመስጠት ይልቅ ሊሆን የሚገባውን ሁኔታ ጽፎ ማስቀመጥ ነው፤ መሣሪያው የጐደለውን ያሟላል፣ የተሟላውን ግን አይነካም። በ2006 አማዞን ሰርቨሮቹን በሰዓት ሒሳብ ማከራየት በጀመረ ጊዜ፣ ዛሬ ክላውድ የምንለው አሠራር ተስፋፋ። አንድ ሰርቨር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተነሥቶ የሚጠፋ ከሆነ፣ እያንዳንዱን በእጅ ማስተካከል የማይታሰብ ነው። በ2013 «ዶከር»፣ በ2014ም ከጉግል የወጣው «ኩበርኔቲስ» ይህንኑ መንገድ ተከትለው መጡ።

ሥርዓት ሲጐድል የሚደርሰውን ጉዳት ለማየት ናይት ካፒታል የተባለውን የአሜሪካ የአክሲዮን ነጋዴ ድርጅት ታሪክ መመልከት ይበቃል። በጁላይ ወር 2012 መጨረሻ ላይ ድርጅቱ አዲስ ኮድ በ8 ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረበት። ሠራተኛው በ7ቱ ላይ ጭኖ 8ኛውን ዘለለው፤ ሌላ ሰው እንዲያመሳክር የሚያዝ የተጻፈ ደንብም አልነበረም። በ8ኛው ላይ ከ2003 ጀምሮ ያልተሠራበት አሮጌ ኮድ ነበረ፤ አዲሱ ፕሮግራም የሚጠቀምበትም ምልክት ቀድሞ ያንን አሮጌ ኮድ ያስነሣ የነበረው ነው። ኦገስት 1 ቀን ገበያው ሲከፈት አሮጌው ኮድ ነቃ። በ45 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ በ154 የአክሲዮን ዓይነቶች ላይ ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይት ፈጸመ፤ ኪሳራውም ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ይባስ ብሎ ሠራተኞቹ ለመፍትሔ ብለው ትክክለኛውን ኮድ ከ7ቱ ላይ ስላነሡት ጥፋቱ ወደ ሁሉም ተዛመተ። ድርጅቱ ዓመት ሳይሞላው ከሌላ ኩባንያ ጋራ ተዋሐደ።

ነገሩ ለእኛ ለታሪክ ተማሪዎች እንግዳ አይደለም። አንድ መጽሐፍ በ8 ቁም ጸሐፊዎች ተገልብጦ እርማቱ በ7ቱ ላይ ብቻ ቢገባ፣ 8ኛው ቅጂ የያዘውን ስሕተት ይዞ ይኖራል። ልዩነቱ የብራናው ስሕተት አንባቢ እስኪያገኘው ዝም ብሎ መቀመጡ፣ የሰርቨሩ ግን በሰከንድ ውስጥ መሥራቱ ነው።

ይሁን እንጂ ደንብን ጽፎ ማስቀመጥ ብቻውን ይበቃል ማለታችን አይደለም። በፌብሩዋሪ 28 ቀን 2017 አንድ የአማዞን ሠራተኛ የተጻፈውን መመሪያ ተከትሎ ጥቂት ሰርቨሮችን ሊያነሣ ሲል፣ ከትእዛዙ አንዱን ቃል በስሕተት ስላስገባ ካሰበው በላይ ብዙ ተነሣ፤ ብዙ የኢንተርኔት አገልግሎቶችም ለ4 ሰዓት ያህል ተሰናከሉ። አማዞን ከዚህ በኋላ ያደረገው እርማት የሚጠቀስ ነው፤ መሣሪያው ሰርቨሮችን በዝግታ ብቻ እንዲያነሣና ከተወሰነው ዝቅተኛ መጠን በታች ሲታዘዝ እንዳይፈጽም አደረገ።

እንግዲህ ከሁለቱ ታሪኮች የምንረዳው ይህ ነው። ጽሑፍ ትዝታን ይተካል፤ ነገር ግን ጽሑፉን የሚያመሳክር ሁለተኛ ዓይን፣ የተሳሳተውንም ትእዛዝ የሚከለክል መሣሪያ ያስፈልገዋል። በናይት ካፒታል ሠራተኛውን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍርዱ ግን በቅድሚያ የሚያርፈው አንድ ሰው ሁሉን ያስታውሳል ብሎ በተማመነው አሠራር ላይ ነው።