ከመዝገብ ወደ መዝገብ፤ የክሪፕቶ ገንዘብ መሻገሪያ ድልድዮች አጭር ታሪክ

ሐዋላ የሚለው ቃል ከዐረብኛ ወደ አማርኛ ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ፍቺውም ማዛወር ማለት ነው። በሐዋላ የሚልክ ሰው ገንዘቡ ራሱ መንገድ የሚሄድ ይመስለዋል፤ የሙያው ሰው ግን ከከተማ ወደ ከተማ የሚሻገረው የክፍያ ትእዛዝ ብቻ መሆኑን ያውቃል። በላኪው ከተማ ገንዘቡ ገቢ ይሆናል፤ በተቀባዩ ከተማ ከሌላ ካዝና ወጪ ይደረጋል። በሁለቱ መካከል ያለው እምነት ነው። ይህ እምነት በምን ይጠበቃል የሚለው ጥያቄ የባንክን ሙያ ያህል ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት ክሪፕቶ ገንዘብ በሚባለው ንብረት ዘንድ በአዲስ መልክ ተነሥቶ ብዙዎችን ለከባድ ኪሣራ ዳርጓል።

የጥያቄውን ክብደት ለዓለም ባንኮች ያስተማረው አደጋ በአውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ጁን 26 ቀን 1974 በጀርመን አገር ደረሰ። በኮሎኝ ከተማ የነበረው የሄርሽታት ባንክ በውጭ ምንዛሪ ንግድ ክፉኛ በመክሠሩ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፈቃዱን ሰርዞ ዘጋው። ሰዓቱ በጀርመን የባንክ ሥራ የሚያበቃበት፣ በኒው ዮርክ ግን ገና ረፋድ ነበር። በዚያ ዕለት ከባንኩ ጋራ ማርክ በዶላር ለመለዋወጥ የተዋዋሉ ባንኮች ማርኩን በጀርመን አስቀድመው ከፍለው ነበርና፣ በምላሹ የሚጠብቁት ዶላር በኒው ዮርክ ሳይከፈላቸው ቀረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የዐሥሩ አገሮች ቡድን የማዕከላዊ ባንክ ገዥዎች የባዝልን የባንክ ቁጥጥር ኮሚቴ አቋቋሙ። ሁለቱም ክፍያዎች በአንድነት እንዲፈጸሙ፣ አለዚያም ሁለቱም እንዲቀሩ የሚያደርገው ሲ.ኤል.ኤስ. የተባለው የዓለም አቀፍ ምንዛሪ ማወራረጃ ድርጅት ሥራ የጀመረው ግን ከ28 ዓመት በኋላ፣ በ2002 ነው።

የክሪፕቶ ገንዘብ ዓለም ይህንኑ መንገድ ከመጀመሪያው እንደ አዲስ ሊሄድበት ግድ ሆነበት። ቢትኮይን በጃንዋሪ 2009፣ ኢቴሪየም ደግሞ በጁላይ 2015 ሥራ ጀመሩ። ብሎክቼይን የሚባለው በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ በአንድነት የሚያዝ፣ የራሱ ደንብ ያለው የሒሳብ መዝገብ ነው። ከእነዚህ መዝገቦች አንዱ በሌላው ውስጥ የሚሆነውን በራሱ አያይም። ስለዚህም ቢትኮይን ከቢትኮይን መዝገብ ወጥቶ ወደ ሌላ መዝገብ ሊሄድ አይችልም፤ ተሻገረ ሲባል በሌላው መዝገብ ላይ ስለ እርሱ የሆነ ነገር ተጻፈ ማለት ብቻ ነው።

ለችግሩ የመጀመሪያው ጥሩ መልስ በ2013 ቲየር ኖላን በሚል ስም ከሚጽፍ ባለሙያ ቀረበ። ይህም አቶሚክ ስዋፕ፣ ማለትም የማይከፈል ልውውጥ የተባለው ዘዴ ነው። ሁለት ተለዋዋጮች እያንዳንዳቸው ንብረታቸውን በየመዝገቡ ላይ በአንድ ዓይነት የምስጢር ቁጥር ይቈልፋሉ። ምስጢሩን የሚያውቀው ሰው የባልንጀራውን ንብረት ለመውሰድ ቁጥሩን መግለጥ አለበት፤ በገለጠም ጊዜ ባልንጀራው በዚያው ቁጥር የእርሱን ይወስዳል። ምስጢሩ ሳይገለጥ የተወሰነው ጊዜ ቢያልፍ ንብረቱ ለየባለቤቱ ይመለሳል። የላይትኮይን መሥራች ቻርሊ ሊ በሴፕቴምበር 2017 ላይትኮይንን ዲክሬድ ከተባለው ገንዘብ ጋራ በዚሁ ዘዴ ለመለወጥ ችሏል። ሄርሽታት ያስተማረው ትምህርት በዚህ ዘዴ ያለ ደላላ ተፈጽሟል ለማለት ይቻላል። ሆኖም ዘዴው በሌላው ወገን ተቃራኒውን የሚፈልግ ሰው መገኘትን ይጠይቃል፤ ጊዜም ይወስዳል።

ተጠቃሚው ፍጥነትን ስለ ፈለገ ድልድይ የተባሉት ሥርዓቶች ተስፋፉ። የድልድይ አሠራር የመጋዘን ደረሰኝን ይመስላል። ባለንብረቱ ኤተሩን በአንደኛው መዝገብ በአደራ ያስቈልፋል፤ በሁለተኛው መዝገብ ልኩን ደረሰኝ ይቀበላል፤ ሊመለስ ሲፈልግ ደረሰኙን አስረክቦ ኤተሩን ያስፈታል። ደረሰኙ ዋጋ የሚኖረው የተቈለፈው ንብረት በቦታው እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ የብዙ ሰዎች ንብረት በአንድ ቦታ ተከማቸ፤ የቁልፉም ጉዳይ ከሁሉ የከበደ ሆነ።

የሮኒን ድልድይ ታሪክ ይህንን በግልጽ ያሳያል። ድልድዩ አክሲ ኢንፊኒቲ ለተባለው ጨዋታ ተጫዋቾች የተሠራ ሲሆን፣ ገንዘብ ለማውጣት ከዘጠኝ አረጋጋጮች የአምስቱ ፊርማ ይበቃ ነበር። ከዘጠኙ አራቱ በአንድ ኩባንያ፣ በስካይ ማቪስ እጅ ነበሩ። በኖቬምበር 2021 ሥራ ስለ በዛ ኩባንያው ስለ ሌላ አንድ አረጋጋጭ እንዲፈርም ውክልና ተሰጠው። ሥራው በዲሴምበር ቢያበቃም ውክልናው ሳይሻር ቀረ። በማርች 23 ቀን 2022 ሌቦች በኩባንያው ሥርዓት ውስጥ ገብተው አራቱን ቁልፎች፣ በተረሳው ውክልናም አምስተኛውን ፊርማ አገኙ፤ 173,600 ኤተርና 25.5 ሚሊዮን ዩ.ኤስ.ዲ.ሲ. ወሰዱ። በጊዜው ዋጋ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ስርቆቱ የታወቀው አንድ ደንበኛ 5,000 ኤተር ለማውጣት ሞክሮ ባቃተው ጊዜ፣ በማርች 29 ነው። ስድስት ቀን ሙሉ የመጋዘኑን ይዞታ ከደረሰኙ ጋራ አመሳክሮ ጉድለቱን ያየ ሰው አልነበረም። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ድርጊቱን ከሰሜን ኮሪያ ጋራ ግንኙነት ባላቸው ቡድኖች ላይ አሳውቋል።

ሌሎቹ አደጋዎች በቁልፍ ስርቆት ሳይሆን በደንቡ ጽሑፍ ስሕተት የመጡ ነበሩ። በፌብሩዋሪ 2022 ወርምሆል በተባለው ድልድይ ላይ የፊርማ ማረጋገጫው ተታልሎ፣ ምንም ኤተር ሳይቈለፍ የ120,000 ኤተር ደረሰኝ ወጣ። ይህም ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። በኦገስት 2022 ደግሞ የኖማድ ድልድይ በተሻሻለበት ጊዜ በተፈጠረ ስሕተት ማንኛውም የማውጫ ጥያቄ እንደ ተረጋገጠ ተቈጠረ። የመጀመሪያው ሌባ ያደረገውን ብዙዎች ቀድተው በጥቂት ሰዓታት 190 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወሰዱ። ቼይናሊሲስ የተባለው መርማሪ ድርጅት በዚያው ወር ባወጣው ግምት፣ እስከዚያ ጊዜ በ13 የድልድይ ዝርፊያዎች 2 ቢሊዮን ዶላር ያህል ተሰርቋል።

ከዚያ ወዲህ መፍትሔ መፈለጉ ቀጥሏል። ሮኒን ከዘጠኙ የስምንቱን ፊርማ የሚጠይቅ ሆነ፤ በጁን 2022 ዳግመኛ ሲከፈትም የደንበኞቹ ኪሣራ ተተክቶ ነበር። በኤፕሪል 2023 የዩ.ኤስ.ዲ.ሲ. አውጪ ሰርክል ገንዘቡ በአንደኛው መዝገብ ተሰርዞ በሁለተኛው እንደ አዲስ የሚወጣበትን ዘዴ አቀረበ። በዚህ ዘዴ ለሌባ የሚያጓጓ ክምችት በመካከል አይቀመጥም፤ እምነቱ ግን በአውጪው ላይ ይወድቃል። ሌሎችም ትልቅ ገንዘብ ሲወጣ እንዲዘገይ፣ በቀን የሚወጣውም በልክ እንዲሆን አድርገዋል።

እነዚህ አደጋዎች ለሒሳብና ለባንክ ባለሙያ እንግዳ አይደሉም። ሥራው ያበቃ ውክልና ይሻር፤ ሁለት ፊርማ ሲባል የሁለት ሰው እንጂ የአንድ ሰው ሁለት እጅ አይሁን፤ በካዝና ያለው በመዝገብ ከተጻፈው ጋራ በየዕለቱ ይመሳከር የሚሉት ደንቦች ከኮምፒዩተር ዘመን በፊት የተጻፉ ናቸው። ንብረቱን በድልድይ ሊያሻግር የተነሣ ሰው ከፍጥነቱና ከዋጋው በፊት ሊጠይቀው የሚገባው የተቈለፈው የት እንዳለ፣ ቁልፉን እነማን እንደ ያዙ፣ ጉድለት ቢመጣ ደግሞ ማን በስንት ሰዓት እንደሚያየው ነው። ለሦስቱም መልስ ካላገኘ፣ በእጁ የያዘው ደረሰኝ ብቻ መሆኑን ዐውቆ ይወስን።