የቲኬት ዋጋና የመካከለኛ ሰው ድርሻ፦ ከምድር ባቡር ታሪክ እስከ ሐዋሳ መናኸሪያ

ስለ አገራችን መጓጓዣ ታሪክ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ሐዲዱ ርዝመት፣ ስለ ውሉ ቃልና ውሉን ስለ ተዋዋሉት መንግሥታትና ኩባንያዎች ነው። መንገደኛው ቲኬቱን ከማን እጅ እንደ ገዛ፣ ከከፈለውም ገንዘብ ምን ያህሉ ለባቡሩ ወይም ለአውቶቡሱ፣ ምን ያህሉ ደግሞ በመካከል ለቆመው ሰው እንደ ሆነ ግን ብዙም አይነሣም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ሁለተኛውን ነገር ነው። ምርመራችን የሚነሣው ከሐዋሳ፣ ከተማሪው ኪስ ነው፤ ነገር ግን ጥያቄው የቆየ ስለ ሆነ መልሱን ወደ ኋላ ሄደን ከታሪክ እንፈልጋለን። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፈናል።

በመጀመሪያ አንድ ልዩነት እንለይ። መንገደኛ «ለጉዞ ከፈልሁ» ብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ገንዘብ በእውነቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የማጓጓዣ ዋጋ ነው፤ ይኸውም ለነዳጁ፣ ለሾፌሩ፣ ለተሽከርካሪው እድሳትና ለባለንብረቱ ትርፍ የሚውለው ነው። ሁለተኛው የማገናኛ ዋጋ ነው፤ ይህም መንገደኛውን ከወንበሩ ጋር ላገናኘ ሰው የሚከፈል ነው። ሁለተኛው በየዘመኑ ስሙን ይለውጣል፤ አንድ ጊዜ የአባን ድርሻ፣ አንድ ጊዜ የደላላ፣ ዛሬ ደግሞ በኢንተርኔት ላይ «የአገልግሎት ክፍያ» ወይም «የማስያዣ ክፍያ» ይባላል። የእኛ አሳብ እንዲህ ነው፦ የማገናኛ ዋጋ የሚበዛው መንገደኛው የወንበሩን ቍጥርና ትክክለኛውን ዋጋ በዓይኑ ለማየት በማይችልበት መጠን ነው። የሚያንሰውም መሣሪያው ስለ ዘመነ ብቻ ሳይሆን ይህ መጋረጃ ሲገለጥ ነው።

ከባቡር በፊት የነበረውን እንመልከት። ከዘይላ ጠረፍ ወደ ሐረር የሚወጣ እንግዳ ነጋዴ አባን የሚባል የአገሩን ሰው መያዝ ነበረበት። አባኑ እንግዳውን ይጠብቀዋል፣ ያስተረጕምለታል፣ ግመል ያከራይለታል፣ ሲገዛና ሲሸጥም በመካከል ይቆማል፤ ለዚህ ሁሉ ድርሻውን ይወስዳል። በ1855 መጀመሪያ ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ስለዚህ ልማድ ጽፎአል። አባኑን ያለ ሥራ የሚበላ ሰው አድርጎ መቍጠር ስሕተት ነው፤ በመንገዱ ላይ ሥርዓት የሚያስከብር ሌላ ኃይል ባልነበረበት ጊዜ የእርሱ ስም ዋስትና ነበር። ይሁን እንጂ እንግዳው የግመሉን እውነተኛ ኪራይ የሚያውቅበት መንገድ ስላልነበረው አባኑ የነገረው ሁሉ ዋጋ ሆነ።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የ99 ዓመት ውል ይህን አሠራር ከሥሩ የሚነካ ነበር። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ። ሐዲዱ ወደ ሐረር ይወጣል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ተራራውን መውጣት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ ከግርጌው አዲስ ከተማ ተቈረቈረ። የመጀመሪያው ኩባንያ በገንዘብ እጦት ወደቀ፤ በ1908 በአዲስ ውል የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ተተካ፤ ባቡሩም በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ለመንገደኛው ትልቁ ለውጥ ፍጥነቱ ብቻ አልነበረም። በጣቢያው መስኮት አንድ ዋጋ ይጠራል፤ ዋጋው በማዕርግ፣ ይኸውም በአንደኛ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ተከፍሎ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ የሚሸጠውም ራሱ ባለባቡሩ ነው። በመንገደኛውና በወንበሩ መካከል ይቆም የነበረው ሰው በዚህ ቀረ። ነገር ግን ቲኬቱ የጉዞውን ወጪ ሁሉ አልሸፈነም። በቀድሞው ዘመን ባቡሩ በሌሊት ስለማይሄድ ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛው በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ የመኝታና የምግብ ሒሳብ ይከፍላል። ስለዚህ በቲኬቱ ላይ የተጻፈው ዋጋ ርካሽ መስሎ ጉዞው ውድ ሊሆን እንደሚችል አያቶቻችን ቀድመው አውቀውታል። ይህን ትምህርት ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚሁ ነገር ላይ የእንግሊዝ አገር ታሪክ ሁለት ጠቃሚ ምሳሌዎች ይሰጠናል። የመጀመሪያው የቶማስ ኩክ ነው። ይህ ሰው በጁላይ 5 ቀን 1841 አምስት መቶ ያህል ሰዎችን ከሌስተር ወደ ላፍበራ በአንድ ሺሊንግ ደርሶ መልስ አስጓዘ። ኩክ መካከለኛ ሰው ነበር፤ ዳሩ ግን ብዙ መንገደኞችን በአንድነት አሰባስቦ ለኩባንያው ስላቀረበ ዋጋውን ዝቅ አደረገው። ስለዚህ መካከለኛ ሁሉ ዋጋ ያስወድዳል ማለት አይቻልም። ሁለተኛው የ1844 የባቡር ሕግ ነው። ሕጉ የመንገደኛ ባቡር ኩባንያዎች በየቀኑ ቢያንስ አንድ ባቡር በየጣቢያው እየቆመ፣ በሰዓት ከ12 ማይል ባላነሰ ፍጥነት፣ ክዳንና መቀመጫ ባለው ሠረገላ፣ ለአንድ ማይል ከአንድ ፔኒ ባልበለጠ ዋጋ ድኻውን እንዲያጓጕዙ አዘዘ። አንዳንድ ኩባንያዎች ትእዛዙን የፈጸሙት ባቡሩን በማይመች ሰዓት በማስነሣት ነበር። ዋጋው በሕግ ቢወሰንም ርካሹ ወንበር መቼና የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ብቻ ተጠቀመበት ማለት ነው።

አሁን ወደ ሐዋሳ እንምጣ። ከተማችን በ1960 ገደማ በራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት አስተዳደር ጊዜ ተቈርቍራ ዋና ከተማነቱን ከይርጋ ዓለም ወሰደች። በዚያው ዐሥር ዓመት ከናዝሬት ወደ ዲላ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ለመዘርጋት ታቅዶ ነበር፤ አልተሠራም። ከ2010 በኋላ በተነደፈው አገር አቀፍ የባቡር መረብም ከሞጆ በሻሸመኔ በኩል ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መስመር ገብቶ ነበር፤ እርሱም ከወረቀት አልወጣም። ባቡር ሁለት ጊዜ ወደዚህ አቅጣጫ ታስቦ ሁለቱንም ጊዜ ቀርቶአል። ስለዚህ የሐዋሳ ሰው 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው አዲስ አበባ የሚሄደው በአውቶቡስና በሚኒባስ ነው።

የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ዋጋ በርቀትና በደረጃ የተወሰነ ታሪፍ አለው። ታሪፉ የማጓጓዣውን ዋጋ ይወስናል፤ የማገናኛውን ግን አይወስንም። በተራ ቀን ወንበር ስለሚተርፍ ልዩነቱ አይታወቅም። በታኅሣሥ 19 ግን ይታወቃል። በዚያ ቀን ሕዝብ ወደ ቍልቢ ገብርኤል ሲጐርፍ ወደ ሐዋሳ ገብርኤልም ይጐርፋል፤ የአገሩ ወንበር ሁሉ በአንድ ሳምንት ይፈለጋል። በፍቼ ጨምባላላ፣ በፋሲካና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በሚከፈትበትና በሚዘጋበት ሰሞንም እንዲሁ ነው። ያን ጊዜ መናኸሪያው በር ላይ «ሞልቶአል» የሚለው ሰውና «እኔ አገኝልሃለሁ» የሚለው ሰው ጐን ለጐን ይቆማሉ። ስንት ወንበር እንደ ቀረ መንገደኛው አያይም፤ ስለዚህ እንደ ዘይላው እንግዳ የተነገረውን ይከፍላል። ጭማሪው ይበልጥ የሚጐዳው ደግሞ የሚጓዝበትን ቀን መምረጥ የማይችለውን ነው፤ ይኸውም ፈተና ያለበትን ተማሪና በ2016 በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ተቀጥሮ የሁለት ቀን ፈቃድ ያገኘውን ሠራተኛ ነው።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ በእጅ ስልክ ቲኬት መግዛት ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በ2021 ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ ወደ መስኮቱ ሳይሄዱ መላክ ቀሎአል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ከእኛ በፊት በመንገዱ የሄዱትን መጠየቅ ይገባል። የሕንድ ምድር ባቡር በ2002 ቲኬት በኢንተርኔት መሸጥ ጀመረ። በቲኬቱ ላይ ይጨመር የነበረው የአገልግሎት ክፍያ በኖቬምበር 2016 ተነሣ፤ በሴፕቴምበር 2019 ግን ተመለሰ፤ ማቀዝቀዣ ለሌለው ክፍል 15 ሩፒ፣ ማቀዝቀዣ ላለው 30 ሩፒ ሆነ፤ ግብሩ በላዩ ይጨመራል። በአገሩ የስልክ መክፈያ ዘዴ ለሚከፍል ሰው ደግሞ 10ና 20 ሩፒ ተደረገ። በጣቢያው መስኮት የሚገዛ ይህን አይከፍልም፤ ሰልፉን ግን ይሰለፋል። በብሪታንያም ብዙዎቹ የባቡር ኩባንያዎች በራሳቸው ገጽ ሲሸጡ የማስያዣ ክፍያ አይጨምሩም፤ እንደ ትሬንላይን ያለ ሻጭ ግን ያንኑ ወንበር ሲሸጥ በብዙ ቲኬቶች ላይ ይጨምራል። ደላላው ከመናኸሪያው በር ተነሥቶ ወደ መስታወቱ ውስጥ ገባ እንጂ አልጠፋም ማለት ነው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፤ ክፍያው ተጽፎ ይታያልና ማወዳደርና መምረጥ ይቻላል።

ከዚህ ታሪክ ለመንገደኛው ጥቂት የሥራ መመሪያ ይወጣል። አንደኛ፣ የሚገዛ ሰው ዋጋውን ከባለባቡሩ ወይም ከባለአውቶቡሱ ዘንድ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ሌላ ሻጭ ከዚያ በላይ ቢጠራ ልዩነቱ የማገናኛ ዋጋ መሆኑን ይወቅ። ሁለተኛ፣ በስልክ ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየውን ቍጥር ሳይሆን «ክፈል» ከሚለው ቃል በፊት የሚመጣውን የመጨረሻ ድምር ይመልከት። ሦስተኛ፣ ቀን መምረጥ የሚችል ከበዓሉ ዋዜማ ቀደም ብሎ ይነሣ፤ ብዙ ሆነው የሚሄዱም እንደ ኩክ መንገደኞች በአንድነት ይዋዋሉ። አራተኛ፣ የጉዞውን ሙሉ ወጪ ይቍጠር። ከላይ ያነሣነው የአዋሽ አዳር ዛሬም አምሳያ አለው። በ2018 መደበኛ ሥራ የጀመረው አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር የአዲስ አበባ መነሻው እንደ ጥንቱ ለገሀር ሳይሆን ከመሀል ከተማው ራቅ ብሎ በለቡ ነው። ከሐዋሳ ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ በባቡር መሄድ የሚፈልግ ሰው ሞጆ ከደረሰ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ፣ በታክሲ ለቡ ሄዶ፣ በዚያው መንገድ በባቡር ከሚመለስ፣ መሳፈርና ቲኬት መግዛት የሚቻል መሆኑን ጠይቆ ከአዳማ ቢነሣ የሚያድነው ገንዘብ ከማናቸውም የማስያዣ ክፍያ ይበልጣል።

የተረፈው ግን በመንገደኛው ብልሃት ብቻ የሚፈጸም አይደለም። የአውቶቡሱ ቲኬት ቀስ በቀስ ወደ ስልክ መሄዱ አይቀርም፤ የታሰበው ሐዲድም አንድ ቀን ቢደርሰን ቲኬቱ ከመጀመሪያው ቀን በስልክ ይሸጥ ይሆናል። ያን ጊዜ መስኮቱ ከተዘጋ፣ ያለ ጭማሪ የሚገዛበት ሌላ በር ስለማይኖር፣ የማስያዣ ክፍያው ምርጫ መሆኑ ቀርቶ እንደ ኬላ ቀረጥ ይሆናል፤ ዘመናዊ ስልክ የሌለው ሰው ደግሞ በሚያውቀው ሰው እጅ እየገዛ ወደ አባኑ ይመለሳል። ስለዚህ ሦስት ነገሮች ከወዲሁ ሊጠበቁ ይገባል፦ መስኮቱ እንዳይዘጋ፣ ታሪፉና የቀረው ወንበር ቍጥር በግድግዳም በስልክም ለሁሉ እንዲታይ፣ ማናቸውም ጭማሪ ከማጓጓዣው ዋጋ ተለይቶ እንዲጻፍ። ከጓደኞቻችን መካከል በየበዓሉ ሰሞን በመናኸሪያው የተለጠፈውን ታሪፍና መንገደኛው በእውነት የከፈለውን እየመዘገበ የሚያወዳድር ቢገኝ፣ ይህ መጽሔት በሚቀጥሉት እትሞቹ ከእኛ አሳብ የተሻለ ማስረጃ ለማቅረብ ይችላል።