ባንዲራው የሱልጣኑ፣ አስተዳደሩ የቆንስሎቹ፦ የራስ ስፓርቴል የመብራት ማማ



ኢብን በጡጣ የተወለደባትን የሞሮኮዋን ታንጂር ከአውሮፓ የሚለያት ጠባብ ባሕር ነው። በጣም በሚጠብበት ቦታ ስፋቱ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጣሪቅ ኢብን ዚያድ በ711 ጦሩን ያሻገረው በዚሁ በኩል ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከታንጂር ወደ ምዕራብ ትንሽ ሲኬድ መሬቱ ወደ ባሕሩ ገፍቶ ያበቃል። ዐረቦች እንዲህ ያለውን ቦታ "ረእስ" ይሉታል፤ የኛው "ራስ" ማለት ነው። ዛሬ የምናወጋችሁ በዚህ ራስ ስፓርቴል ላይ ስለቆመው የመብራት ማማ ነው።

ከአትላንቲክ ወደ ሜዲትራኒያን የሚገባ መርከብ ሁሉ በዚህ ደጃፍ ያልፋል። በዚያ ዘመን በጨለማና በጭጋግ ማለፍ ግን ሞትን መጋፈጥ ነበር። በ1860 ዶና ኢዛቤል የተባለች የብራዚል ባሕር ኃይል ማሠልጠኛ መርከብ እዚህ አካባቢ ተሰብራ ከመቶ በላይ ሰዎች አለቁ። የባዕድ መንግሥታት መልእክተኞችም ሱልጣን ሙሐመድ 4ኛን "መብራት ይተከል" ብለው ወተወቱ።

ሱልጣኑ በወቅቱ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበሩ እንመልከት። በዚያው ዓመት ሞሮኮ በስፔን ተሸንፋ 20 ሚሊዮን የስፔን ዱሮ ካሣ እንድትከፍል ተፈርዶባታል። ይህን ለመክፈል ከለንደን ተበደረች፤ ከወደቦቿ የሚሰበሰበው ቀረጥም አብዛኛው ለዕዳ ይሄድ ጀመር። በባሕሩ ላይ የሚመላለስ የጦርም ሆነ የንግድ መርከብ አልነበራትም። እንግዲህ መብራቱ የሚያድነው የሌላውን ሰው መርከብ ነው። ሱልጣኑ ግን በመንግሥታቸው ወጪ አሠሩት።

ንድፉ የፈረንሳይ መሐንዲሶች ቢሆንም መልኩ የመግሪብ ነው፤ አራት ማዕዘን ስለሆነ ከሩቅ ሲያዩት የመስጂድ ሚናራ ይመስላል። ጥቅምት አጋማሽ 1864 ለመጀመሪያ ጊዜ በራ። ቁመቱ 24 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ገደል ላይ ስለቆመ መብራቱ ከባሕሩ ወለል 95 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ከፍታው የግድ ያስፈልጋል፤ ምድር ክብ ናትና ዝቅ ያለ መብራት የቱንም ያህል ቢደምቅ ከአድማስ በታች ይቀራል።

የነዚህ ማማዎች ምስጢር ያለው ከመብራቱ ይልቅ በመስታወቱ ነው። ፈረንሳዊው ፍሬኔል በ1820ዎቹ የፈለሰፈው ሌንስ በቀለበት በቀለበት የተደረደረ መስታወት ነው። ወደ ሰማይና ወደ መሬት ሊባክን የነበረውን ብርሃን አጥፎ በአንድ ጨረር ወደ ባሕሩ ይልከዋል። ሌንሱ ሲዞር መርከበኛው ብርሃኑን ብልጭ ድርግም ሲል ያየዋል። እያንዳንዱ ማማ የራሱ አቆጣጠር አለው፤ የስፓርቴል በየ20 ሴኮንዱ አራት ብልጭታ ነው። ካፒቴኑ ሰዓቱን ይዞ ይቆጥርና የት እንዳለ ያውቃል።

ከሁሉ በላይ እኛን የገረመን ግን ውሉ ነው። ግንቦት 31 ቀን 1865 ሞሮኮ ከአሥር መንግሥታት ጋር ታንጂር ላይ ተፈራረመች፤ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ስፔንና አሜሪካ ከነሱ መካከል ናቸው። በውሉ መሠረት ማማው የሱልጣኑ ንብረት ሆኖ ይቀጥላል፤ የሳቸው ባንዲራ ብቻ ይውለበለብበታል፤ ሱልጣኑም አንድ ቃኢድና አራት ወታደሮች ለጥበቃ ያቆማሉ። የማስተዳደሩን ወጪ መንግሥታቱ እኩል ይከፍላሉ። እርስ በርሳቸው ወይም ከሞሮኮ ጋር ቢዋጉ እንኳ መብራቱን አይነኩም፣ መዋጮውንም አያቋርጡም።

እስከዚህ ድረስ ያማረ ነው። ሥራውን የመምራት ሥልጣን የተሰጠው ግን ታንጂር ላሉት የመንግሥታቱ ወኪሎች ነበር። ገንዘቡን ያወጣው፣ መሬቱን የሰጠው፣ ዘበኛ ያቆመው ሱልጣን በገዛ ማማው ላይ አዛዥ አልነበረም ማለት ነው። ለኛ እንደሚመስለን፣ በኋላ በመላ አገሪቱ የሆነው ነገር በትንሹ እዚህ ታይቷል። በ1912 ፈረንሳይና ስፔን ሞሮኮን ተከፋፈሏት፤ ሱልጣኑ በዙፋናቸው፣ ባንዲራውም በቦታው ነበሩ። ታንጂርም በ1920ዎቹ ብዙ መንግሥታት በጋራ የሚያስተዳድሯት ከተማ ሆነች።

ሞሮኮ በ1956 ነፃ ወጣች። ማማው ግን ወዲያው አልተመለሰም፤ የውጭዎቹ መንግሥታት አስተዳደሩን ለሞሮኮ ያስረከቡት መጋቢት 1958 ነው፣ መብራቱ ከበራ ከ93 ዓመታት በላይ ቆይቶ።