የቲኬት ቆራጮቹ ደረጃ፦ ዕረፍት፣ እንቅስቃሴና እርጅና በሕክምና ታሪክ

ሰው ዕድሜው ሲገፋ ሊያርፍ ይገባዋል የሚለው አስተሳሰብ በብዙ አገሮች የቆየ ነው። በኢትዮጵያም አንድ አዛውንት ከመቀመጫቸው ብድግ ሲሉ «ይቀመጡ፣ እኛ እናመጣለን» ማለት የመልካም አስተዳደግ ምልክት ሆኖ ይቆጠራል። ልማዱ ከአክብሮት የመነጨ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ዕረፍት ምንጊዜም መድኃኒት ነው የሚለውን እምነት የሕክምና ሙያ ራሱ ለረጅም ዘመን ሲደግፈው ከኖረ በኋላ፣ በሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ላይ በገዛ እጁ ሊያፈርሰው ተገድዷል። ይህ ለውጥ እንዴት እንደ መጣ ማወቅ፣ ዛሬ ለአረጋውያን የሚሰጠው ምክር በምን ላይ እንደ ተመሠረተ ለመረዳት ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የአልጋ ዘመን

እስከ 1940ዎቹ ዓመታት ድረስ ድንገተኛ የልብ ሕመም የደረሰበት ሰው ለሳምንታት ከአልጋው እንዳይነሣ ይታዘዝ ነበር። የትእዛዙ ምክንያት፣ የተጎዳው ልብ እንዲያገግም ሥራው ይቀነስለት የሚል ነው። ሐሳቡ ለአእምሮ የቀረበ ይመስላል፤ ነገር ግን ለመፈወሻ የታሰበው አልጋ የራሱን ሕመም ይወልድ ነበር። ለረጅም ጊዜ በተኛ ሰው እግር ውስጥ ደም ይረጋል፤ ጡንቻው ይመነምናል፤ አጥንቱ ይሳሳል፤ ቆዳው ይቆስላል፤ በሳንባ ምችም ይጠቃል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ አሸር በ1947 ባወጣው አጭር ጽሑፍ እነዚህን ጉዳቶች አንድ በአንድ ዘርዝሮ፣ ሐኪሞች መተኛትን ያለ ብዙ ማሰብ እንዳያዙ አስጠነቀቀ። በ1952 ደግሞ ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን የተባሉ የአሜሪካ ሐኪሞች የልብ ሕሙማንን ከአልጋ አውርደው በባለ መደገፊያ ወንበር ላይ በማስቀመጥ ያገኙትን መልካም ውጤት አስታወቁ። ከአልጋ ወደ ወንበር መሸጋገር ዛሬ ቀላል ነገር ቢመስልም፣ በጊዜው ከባልንጀሮቻቸው ብርቱ ተቃውሞ አስነሥቶባቸው ነበር።

የለንደን አውቶቡሶች

በዚሁ ዘመን በብሪታንያ በጎልማሳነት ዕድሜ ላይ የሚገኙ ወንዶች በልብ ደም ሥር መዘጋት የሚሞቱበት መጠን እየጨመረ ሄደ። ምክንያቱ ግን አልታወቀም። በሊቨርፑል ተወልዶ በግላስጎ ያደገው ሐኪም ጄረሚ ሞሪስ (1910–2009) በ1948 የተቋቋመውን የማኅበራዊ ሕክምና ምርምር ክፍል ይመራ ስለ ነበር፣ ሕመሙ ከሰዎች የሥራ ዓይነት ጋር ግንኙነት እንዳለው ለማጣራት ተነሣ።

ለዚህ ጥናት የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች እጅግ ተስማሚ ሆነው ተገኙ። በእያንዳንዱ አውቶቡስ ላይ ሁለት ሠራተኞች አሉ። ሾፌሩ አብዛኛውን የሥራ ሰዓት ተቀምጦ ያሳልፋል። ቲኬት ቆራጩ ግን ቀኑን ሙሉ ወደ ላይኛው ፎቅ ሲወጣና ሲወርድ፣ በየሥራ ቀኑ በመቶ የሚቆጠሩ ደረጃዎችን ይረግጣል። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ድርጅት ነው፤ የሚኖሩት በአንድ ከተማ ነው፤ የኑሮ ደረጃቸውም ይቀራረባል። ዋናው ልዩነታቸው አንዱ መቀመጡ፣ ሌላው መንቀሳቀሱ ነው።

ሞሪስና ባልደረቦቹ ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 64 ዓመት የሆነ 31,000 ያህል የትራንስፖርት ሠራተኞችን የጤና መዛግብት መርምረው ውጤቱን በ1953 ላንሴት በተባለው መጽሔት አወጡ። የልብ ደም ሥር ሕመም በቲኬት ቆራጮቹ ላይ ከሾፌሮቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ሕመሙ በደረሰባቸውም ጊዜ ፈጥኖ የመግደል ኃይሉ ያነሰ ነበር። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ተመሳሳይ ነገር ታየ። በእግራቸውና በብስክሌት እየዞሩ ደብዳቤ የሚያድሉት ሠራተኞች፣ ተቀምጠው ከሚሠሩት የስልክ ኦፕሬተሮችና ጸሐፊዎች ይልቅ ከሕመሙ የተጠበቁ ሆኑ።

ጥያቄ የሚያነሡ አልጠፉም። ምናልባት ሾፌርነትን የሚመርጡት ከመጀመሪያው የወፈሩት ሰዎች ቢሆኑስ? ሞሪስ ይህን ጥያቄ አላቃለለውም። ድርጅቱ ለሠራተኞቹ የሚያድለውን የደንብ ልብስ መዝገብ አስመጥቶ የሱሪያቸውን የወገብ ልክ መረመረ፤ ውጤቱንም በ1956 አሳተመ። በእርግጥም የሾፌሮቹ ወገብ ይሰፋ ነበር። ነገር ግን ቀጫጭኖቹ ሾፌሮችም ቢሆኑ ከቲኬት ቆራጮቹ ይልቅ በልብ ሕመም የተጠቁ ሆነው ተገኙ። ውፍረት የራሱ ድርሻ ቢኖረውም ነገሩን ሁሉ ሊያስረዳ አልቻለም።

ዘግይቶ መጀመር ይጠቅማልን?

ሥራ ከጉልበት ወደ ወንበር እየተዛወረ በሄደ ቁጥር ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ትርፍ ጊዜ መለሱ። በአሜሪካ ራልፍ ፓፈንባርገር (1922–2007) በመጀመሪያ የሳን ፍራንሲስኮን የወደብ ጫኝና አውራጅ ሠራተኞች፣ ቀጥሎም ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተመረቁ 17,000 ያህል ወንዶችን ለዓመታት ተከታተለ። በ1978 ያቀረበው ውጤት ለብዙዎች ትምህርት የሚሆን ነው። በተማሪነቱ ዘመን ስመ ጥር ስፖርተኛ የነበረ ሰው ኋላ ተቀማጭ ከሆነ የቀድሞ ስፖርተኛነቱ አልጠበቀውም። በወጣትነቱ ስፖርት ያልነካ፣ በጎልማሳነቱ ግን መንቀሳቀስ የጀመረ ሰው ተጠቃሚ ሆነ። ፓፈንባርገር ራሱም ሩጫ የጀመረው በ40ዎቹ ዕድሜው ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ማራቶን ሮጧል።

በ1966 በዳላስ ከተማ 5 የ20 ዓመት ወጣቶች በፈቃዳቸው ለ3 ሳምንታት ከአልጋ ሳይነሡ እንዲቆዩ ተደረገ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያው ሰዎች እንደገና ሲመረመሩ፣ የ3 ሳምንቱ መተኛት የሰውነታቸውን አቅም የቀነሰው ከ30 ዓመቱ ዕድሜ ይበልጥ እንደ ነበር ታወቀ። ከዚያም በ50 ዓመት ዕድሜያቸው ለ6 ወራት ቀስ በቀስ እየጨመረ የሚሄድ ልምምድ ሲያደርጉ፣ ኦክሲጅን የመጠቀም ችሎታቸው ወደ ወጣትነታቸው መጠን ተመለሰ። እርጅና የሠራው ነው ተብሎ ከሚታሰበው ድካም አብዛኛው የመቀመጥ ሥራ እንደ ነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይህ ለ50 ዓመት ሰው ነው ቢባል፣ የቦስተኑ ጥናት መልስ ይሰጣል። በ1990 ማሪያ ፊያታሮንና ባልደረቦቿ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 ዓመት የሆኑ 10 ሰዎችን ለ8 ሳምንታት በእግራቸው ክብደት እንዲያነሡ አሠለጠኑ። የእግራቸው ጥንካሬ በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ፤ ሁለቱ ምርኩዛቸውን ትተው መሄድ ቻሉ። በዚህ ዕድሜ ጥንካሬ ማለት ውበት ወይም ውድድር አይደለም፤ ሳይወድቁ መራመድ፣ ከመቀመጫ ያለ ረዳት መነሣትና ራስን ችሎ መታጠብ ማለት ነው።

ትምህርቱና ግዴታው

የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር፣ 3 ቀን ደግሞ ሚዛንን ለመጠበቅ የሚረዳ ልምምድ እንዲጨምሩ ይመክራል። ሕመም ያለበት ሰው ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ በአቅሙ መጠን ይጀምራል፤ ጥቂት መንቀሳቀስም ጨርሶ ካለመንቀሳቀስ ይሻላል።

ለኢትዮጵያ ይህ ትምህርት ፍጹም እንግዳ አይደለም። ማሞ ወልዴ የሜክሲኮን ማራቶን በ1968 ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር፤ በ40 ዓመቱ ደግሞ በሙኒክ የነሐስ ሜዳልያ አግኝቷል። በገጠርም ሽማግሌው ወደ ገበያ፣ ወደ ለቅሶና ወደ እርሻው በእግሩ ሲመላለስ መኖሩ የታወቀ ነው። ችግሩ የሚጠነክረው በከተማ፣ በተለይም ጡረታ ወጥቶ በቤት ለሚውለው ሰው ነው። የመሥሪያ ቤቱ መንገድና ደረጃ በአንድ ቀን ይቀሩበታል፤ በምትካቸው ምንም ካልገባ ቀሪው ዕድሜው ወንበር ላይ ያልፋል።

ይሁን እንጂ ኃላፊነቱን ሁሉ በአረጋዊው ጫንቃ ላይ መጣል አይገባም። ሞሪስ ራሱ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ዕድሜው 97 ዓመት በሆነበት በ2007 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት፣ በእንግሊዝ አንድ አረጋዊ ጤናውን ጠብቆ ለመኖር ቢያንስ ምን ያህል ገቢ እንደሚያስፈልገው የሚያሰላ ነበር። ጡረተኛው በእግሩ እንዲሄድ ሲመከር የሚሄድበት ያልተቆፈረ የእግረኛ መንገድ፣ አረፍ የሚልበት መቀመጫና የሚበላው በቂ ምግብ ሊኖረው ይገባል። ቤተሰብም አክብሮቱን ሳይቀንስ አንድ ነገር ሊለውጥ ይችላል፤ አዛውንቱ ከመቀመጫቸው ሲነሡ «ይቀመጡ» ከማለት ይልቅ አብሮ መነሣትና ጥቂት መንገድ ማጀብ ነው።