የአያቴ ሲንቄ

ከአልጋዬ ራስጌ አንዲት ቀጭን በትር ቆማለች። ቅቤ ስትጠጣ ስለኖረች ጠቁራለች፤ እጅ የሚይዛት ቦታ ላይ ደግሞ እንደ ታጠበ ሸክላ ለስልሳለች። ቤቴ የሚመጣ እንግዳ የአሮጊት ምርኩዝ ትመስለዋለች። ስሟ ሲንቄ ነው። የአያቴ ነበረች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጆች ፊት ቆሜ ያስተማርኩት እሷ ስለነበረች ነው ብዬ አምናለሁና ታሪኳን ልጽፍላት ተነሣሁ።

ሲንቄ በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት በትር ናት። ሀሮሬሳ ከሚባለው ዛፍ ቀጥ ያለው ቅርንጫፍ ተመርጦ ይቆረጣል፤ ይላጣል፤ ቅቤ ይቀባል። ከብት አይነዳባትም፤ ልጅ አይመታባትም። ሴቶች ዝናብ ለመለመንና ለመመረቅ ሲወጡ በአንድ እጃቸው እርጥብ ሣር፣ በሌላው ሲንቄያቸውን ይይዛሉ። በገዳ ሥርዓት ጉባኤውም ሥልጣኑም የወንዶች ነበር። ሴቶቹ በዚያ ሸንጎ ቦታ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ይህች በትር ናት።

ትንሽ ነገር እንዳትመስላችሁ። ባል ሚስቱን ከልክ አልፎ ከመታ፣ በተለይ አራስ ሳለች እጁን ካነሣባት፣ ሲንቄዋን ይዛ ደጅ ትወጣና ትጮኻለች። ጩኸቱ ኢየ ሲንቄ ይባላል። የሰማች ሴት የያዘችውን ትታ መውጣት አለባት። ሁሉም ተሰብስበው ወደ በዳዩ ደጅ ይሄዳሉ፤ እየዘፈኑ ጥፋቱን ለአገር ይናገሩበታል። እነሱ ቤታቸውን ጥለው ሲወጡ ምድጃው ይጠፋል፣ ላሞቹ ሳይታለቡ ያመሻሉ፣ ጥጃው ይጮኻል። ያኔ ወንዶቹ ሽማግሌ ይዘው ይመጣሉ፤ በዳዩ ጥፋቱን ያምናል፤ ካሣ ይቆረጥበታል፤ ከብት ይታረዳል። ሴቶቹ መርቀው ከተመለሱ ደህና ነው። ሳይመርቁ ከተነሡ ግን ርግማናቸው ይፈራል። ሁለት ወንዶች ጦር ተማዝዘው እንኳ ሴት ሲንቄዋን ይዛ መሐላቸው ከገባች ጦሩ ይወርዳል።

ወጉ አንድ ቀዳዳ ነበረው። ሲንቄ የምትሰጠው በወግ ለተዳረች ሴት ነው። የተጠለፈች ልጅ ከእናቷ እጅ የምትቀበለው ምንም የላትም፤ ከመንገድ ነውና የተወሰደችው።

ጠለፋን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። በእኛ አገር በኦሮምኛ ቡቲ ይባላል። ከብት መስጠት ያልቻለ ወይም ሽማግሌ ልኮ እምቢ የተባለ ወጣት ጓደኞቹን ሰብስቦ ልጅቷን ከውኃ፣ ከገበያ ወይም ከትምህርት ቤት መንገድ ላይ ያፍናታል። ከደፈራት በኋላ ሽማግሌ ይልካል። ቤተሰቧ ካልተስማማ ልጅቷ ሌላ ባል አታገኝም ተብሎ ይታመናልና፣ «የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» ተብሎ ከብት ይቆጠራል። ከብቱ የሚሰጠው ለአባቷ ነው። ለእሷ የሚቆጠርላት ነገር የለም።

የመንግሥት ሕግም ያው ቀዳዳ ነበረው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ብሎታል። አንቀጽ 558 ግን ተበዳይዋ ጠላፊዋን በፈቃዷ ካገባችውና ጋብቻው ካልፈረሰ ክስ አይቀርብበትም ይል ነበር። ጎጆ ውስጥ የተዘጋባት ልጅ «ፈቃድ» ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ማግባት ትችላለች ብሎ ነበር።

እኔ 15 ዓመቴ ነበር።

ጊዜው ሚያዝያ 1978 ዓ.ም. ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እኛ የገጠር ልጆች ከተማ ውስጥ ሦስት አራት ሆነን ቤት ተከራይተን እንማርና ዓርብ ከሰዓት ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤት እንሄዳለን። ጭኮና በሶ ይዘን እሑድ እንመለሳለን። በዚያ ዓርብ ጓደኞቼ ለፈተና እናጠናለን ብለው ቀሩ፤ እኔ ብቻዬን ሄድኩ። ወንዙን ተሻግሬ ዳገቱን ስጀምር አምስት ፈረሰኞች ከቁጥቋጦው ወጡ።

አራት ቀን ያዙኝ። ስለ አራቱ ቀናት ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ የራሴ ናቸው። የፈረስ ላብ ሽታ ግን ለዓመታት እንደተከተለኝ ልናገር። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ውኃ ልቅዳ ብዬ ወጣሁ፤ እንስራውን ወንዝ ዳር አስቀመጥኩና ሮጥኩ።

ሽማግሌዎቹ ከእኔ ቀድመው አባቴ ደጅ ደርሰዋል። ሦስት ላምና አንድ ፈረስ ይሰጣል የሚለውን ቃል ሲያስረዱ አባቴ መሬት መሬቱን ያያል። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። የእሱ አባትና የአባቱ አባት ያደረጉትን ሊያደርግ ተቀምጦ ነው። ከጎረቤት ሰው አንዱም ወደ እኔ ዞሮ «ምን ሆንሽ?» አላለኝም።

ያን ጊዜ አያቴ፣ አኮ የምንላት፣ ከጓዳ ሲንቄዋን ይዛ ወጣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራዋለች። በአባቴና በሽማግሌዎቹ መሐል ቆመች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በአክብሮት ተነሥቶ፣ «አዴ፣ ሲንቄ ለባለትዳር ነው እኮ። ልጅቷ ገና አላገባችም» አላት።

«አላገባችም አልክ?» አለችው።

«አላገባችም።»

«እንግዲያ ምን ልትዋዋሉ ተቀመጣችሁ? አግብታ ቢሆን የራሷ ሲንቄ ይኖራት ነበር። የራሷ እስኪኖራት በእኔ ትቁም።»

ብላ ጮኸች። ያ ዓመት መንደር ምሥረታ በአርሲ የተካሄደበት ነው፤ ተራርቀው የነበሩ ቤቶች በመስመር ተሰልፈው ነበር። ብዙ ሰው በዚያ ዘመቻ ተማሯል፤ እርሻውም ግጦሹም ራቀበት። በዚያ ቀን ግን የአኮ ጩኸት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ለመድረስ ጊዜ አልወሰደበትም። አንዲት ሴት እጇ እስከ ክርኗ ሊጥ እንደሆነ መጣች። አንዷ ልጇን እያጠባች መጣች። ስማቸውን ሁሉ አስታውሳለሁ። አሥራ ሁለት ሆነው በሽማግሌዎቹና በቤታችን በር መሐል ሣሩ ላይ ተቀመጡ፤ እኔን ከኋላቸው አደረጉኝ። ማንም ማንንም አልሰደበም። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ በመንደሩ ያሉ ላሞች ሳይታለቡ ይጮኹ ጀመር። ሽማግሌዎቹ ተነሡ። ላሞቹም ፈረሱም አልመጡም።

እውነቱን ሁሉ ልናገርና፣ ፍትሕ የምለውን አላገኘሁም። ለሚመለከተው ክፍል አመለከትን፤ «ነገሩ በሽማግሌ ተይዟል» ተባልን። ጠላፊዬ አንድ ቀን አልታሰረም። ሴቶቹ ያተረፉኝ የእሱ ሚስት ከመሆን ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሁሉም ነገር ግን አይደለም። ከጠላፊ እጅ መውጣትና ወደ ራስ መመለስ አንድ አይደሉምና።

ሁለት ወር ከቤት አልወጣሁም። ጠጉሬን ማበጠር አስጠላኝ። የሰኔው የሚኒስትሪ ፈተና አለፈኝ። ፈረስ ሲያናፋ አልጋ ሥር እገባ ነበር። እናቴ እያለቀሰች «እርሺው፣ እርሺው» ትለኛለች። አኮ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። አንድ ማለዳ መጥታ ቁርበቱን ከላዬ ገፈፈችና፣ «ተነሺ። መንገዱ የአንቺ ነበር፤ ወሰዱብሽ። በእግርሽ ትመልሺዋለሽ» አለችኝ።

በመጀመሪያው ቀን እስከ ዋንዛው ሄደን ተመለስን፤ ከቤታችን መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ክንዷን ይዤ ነበር። በሳምንቱ ከዋንዛው አልፈን እስከ አጥሩ መጨረሻ። ክረምቱ ሲገባ በጭቃው እስከ ዳገቱ አናት። አንድ ቀን መሐል ላይ ቆመችና ሲንቄዋን እጄ ላይ አደረገቻት፤ «ያዢልኝ፣ ደከመኝ» አለች። ደክሟት እንዳልነበረ ዛሬ አውቃለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲንቄ የያዝኩት ያኔ ነው፤ ቀላል ናት፣ ከእንዝርት ብዙም አትከብድም። ከዚያ በኋላ እሷ ዋንዛው ሥር ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል እኔ ብቻዬን እስከ ወንዙ ወርጄ እመለስ ነበር። ስመለስ ልቃቂቱ ምን ያህል እንደወፈረ ታሳየኛለች። የጎረቤታችንን ፈረስም ገብስ በእጄ እንዳበላው አደረገችኝ። በመስከረም 1979 ዓ.ም. ስምንተኛን ልደግም ወደ ትምህርት ቤት ተመለስኩ። በዚያው መንገድ ነው የሄድኩት።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ወጥቼ ማስተማር በጀመርኩበት ጊዜ፣ የአንዲት የአርሲ ልጅ ወሬ አገሩን ሞላው። ዕድሜዋ 14 ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ጠለፏት። ስታመልጥ የጠላፊዋን ጠመንጃ ይዛ ነበር፤ ሊይዛት ሲመጣ ተኮሰችበት፤ ሞተ። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ያኔ ገና የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ጠበቆች ቆሙላት፤ ከማህበሩ መሥራቾች አንዷ ኋላ በ2011 ዓ.ም. የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። ፍርድ ቤቱ ሁለት ዓመት ገደማ ካከራከረ በኋላ ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። ቀየዋ ግን አልተቀበላትም። የልጅቷን ስም አልጠራውም፤ የራሷ ነው። ያን ወሬ በሰማሁ ቀን ግን መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ እጄ ስኒ መያዝ አቃተው። እሷ በቆመችበት ቦታ አሥራ ሁለት ሴቶች አልነበሩም።

ከእሷ በኋላ ሕጉ ተለወጠ። ሴት ጠበቆቹ በየመድረኩ ሞገቱ፣ ጻፉ፣ ሰልፍ ወጡ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን ለወንድም ለሴትም 18 አደረገው። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 587 ለማግባት ብሎ ሴትን በኃይል የጠለፈ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚጠብቀው ደነገገ፤ ጋብቻ መፈጸሙም ከወንጀል ተጠያቂነት አያድነውም አለ። አንቀጽ 558 የከፈተው ቀዳዳ ተደፈነ። እኔን የመሰሉ ልጆች ፈቃዳችን ተብሎ በተጻፈልን ቃል ስንሸጥ የኖርንበት 48 ዓመት በዚያ አበቃ።

የዚያች ልጅ ታሪክ በ2006 ዓ.ም. በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ዳይሬክተርነት ፊልም ሆኖ ሲወጣ ስሙ «ድፍረት» ተባለ። አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ይህን ቃል ብዙ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ደፈረ፣ ተደፈረች፣ ደፋር፣ ድፍረት። የበደላችንም የጀግንነታችንም ስም ከአንድ ሥር ነው የበቀለው። «ተደፈረች» ያለ ሰው ያን ቃል ጨርሶ «ደፈረች» እስኪል ድረስ በመሐሉ ረጅም መንገድ አለ። መንገዱን ብቻዬን አልሄድኩትም። ጉልበት ከውስጥ ብቻ ይመጣል የሚሉ ሰዎች ስሰማ አዝናለሁ። የእኔ ጉልበት ሣር ላይ ከተቀመጡ ሴቶች ጀርባ ነው የመጣው፤ ከዚያ እግሬ ተማረው።

ዛሬም ከኋላዬ የፈረስ ኮቴ ስሰማ ትከሻዬ ይሰበሰባል። አልሮጥም፤ ዞር ብዬ ፈረሰኛውን አየዋለሁ፣ ያልፋል።

የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት ተመዝግቧል። ሲንቄም በስሟ ባንክ ተከፍቶላታል። ደስ ይለኛል። ቢሆንም በትሯ የተቀረጸችው ለበዓል ሰልፍ ብቻ እንዳልሆነ የሚያውቁ አሮጊቶች እያለፉ ነው። አኮ በ1985 ዓ.ም. ስታርፍ ሲንቄዋን ለእኔ ተናዝዛለች።

ስለዚህ ሽማግሌ የሆናችሁ አባቶች፣ እለምናችኋለሁ፦ የተጠለፈች ልጅ ደጅ ከብት ልትቆጥሩ አትቀመጡ። ሕጉ ለእናንተ የሰጠው የማስታረቅ ሥልጣን የለም፤ ጠላፊውን ለፖሊስ አስረክቡ። እናቶች፣ «እርሺው» አትበሏት፤ ክንዷን ይዛችሁ እስከ ዋንዛው ሂዱ። ጩኸት ስትሰሙም ሊጡን ከእጃችሁ ሳታጥቡ ውጡ።

ልጄ ባለፈው ጥር 15 ዓመት ሞላት። ከሀሮሬሳ ቀጥ ያለውን ቅርንጫፍ አስቆርጬ፣ ልጬ፣ ቅቤ ቀብቼ ሲንቄዋን ሰጠኋት። ሠርጓን አልጠበቅኩም።